የመንጋጋ ነገር፦ ከጫሞ አዞ እስከ ካይሮ አጽሞች

አዞ አፉን ሲከፍት የሚያንቀሳቅሰው የላይኛውን መንጋጋ ነው ወይስ የታችኛውን? ጥያቄው ለአርባ ምንጭ ልጅ የዋዛ ሊመስል ይችላል። በጀልባ ጫሞ ሐይቅ ላይ ወጥቶ፣ ሰዉ «የአዞ ገበያ» ወደሚለው ዳርቻ የተጠጋ ሁሉ አዞዎቹ አሸዋው ላይ ተጋድመው አፋቸውን ሲከፍቱ አይቷል። ያየውም እንዲህ ነው፤ የታችኛው መንጋጋ መሬት ላይ እንደተኛ ይቀራል፣ የላይኛው ግን ከነጭንቅላቱ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ ይነሣል። «በዓይኔ ያየሁት ነው» ብሎ ቢምል የሚፈርድበት የለም።

ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በፊት የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ የጻፈውም ይህንኑ ነው። እንስሳት ሁሉ የታችኛውን መንጋጋ ሲያንቀሳቅሱ የወንዝ አዞ ብቻ የላይኛውን ያንቀሳቅሳል አለ። መጻሕፍቱ በዐባሲያ ኸሊፋዎች ዘመን ወደ ዐረብኛ ሲመለሱ ይህም አብሮ ተሻገረ። በ255 ዓመተ ሂጅራ ያረፈው የበስራው ሊቅ አል-ጃሒዝ በሰባት ቅጽ በተዘጋጀው «ኪታቡል ሐየዋን» ውስጥ የአዞን ነገር እንዲሁ አድርጎ አስፍሮታል። አል-ጃሒዝ አሪስጣጣሊስን በስሙ ከመጥራት ይልቅ «ሷሒቡል መንጢቅ»፣ የሥነ አመክንዮው ባለቤት፣ እያለ ይጠቅሰዋል፤ በብዙ ቦታም ቃሉን ይጠራጠራል፣ ከገበሬና ከአዳኝ ከሰማው ጋር ያስተያያል። በአዞው መንጋጋ ላይ ግን አልተጠራጠረም። በስራ ውስጥ አዞ ከየት ይምጣ!

ነገሩ ስህተት ነው። የአዞ የላይኛው መንጋጋ ከራስ ቅሉ ጋር አንድ ሆኖ የተጣበቀ ነው። በማጠፊያ የሚንቀሳቀሰው እንደ በጉም፣ እንደ ውሻውም፣ እንደ እኛም የታችኛው ነው። ዓይንን የሚያታልለው ማጠፊያው ከራስ ቅሉ በስተ ኋላ ጫፍ ላይ መሆኑ ነው። አዞው አገጩን አሸዋ ላይ አስደግፎ ሲተኛ የታችኛው መውረጃ ስለሚያጣ ጭንቅላቱን በሙሉ ያነሣል። ይህን ለማወቅ ከጀልባ ላይ ማየት አይበቃም። የራስ ቅሉን በእጅ ይዞ፣ ከሌላ እንስሳ የራስ ቅል ጎን አስቀምጦ፣ ማጠፊያውን መፈለግ ያስፈልጋል። የእንስሳትን አካል ጎን ለጎን አድርጎ የሚመረምረው ዕውቀት፣ ልጆቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሥነ ሕይወት መጽሐፋቸው የሚያገኙት ንጽጽራዊ የአካል ጥናት፣ መነሻው ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ሂጅራ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ምዕራፍ አንዳንድ ወላጆች ይፈሩታል። ልጁ የሰው ክንድ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍና የዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ በአንድ ገጽ ተሥለው ሲያይ ቤት መጥቶ ይጠይቃል። መልሱም ብዙ ጊዜ «ዝጋው» ነው። ፈተና ስላለበት አይዘጋውም፤ የሚዘጋው ለወላጁ የሚያቀርበውን ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት የሚያውቀው ሌላ፣ መድረሳ የሚያውቀው ሌላ ሆኖ ሁለት ልብ ይዞ ያድጋል። እኔ ይህን ከፈተናው ውድቀት የከፋ ኪሳራ አድርጌ አየዋለሁ። በተለይም የዚህ ዕውቀት ታሪክ ለእኛ የባዕድ ታሪክ ስላይደለ።

እስቲ ከቤታችን እንጀምር። የእንስሳን አካል ማስተያየት ለሙስሊም ቤተሰብ የዕለት ጉዳይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለ ክራንቻ አውሬንና በጥፍሩ ነጥቆ የሚበላ ወፍን እንዳንበላ መከልከላቸውን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ፈቂሁ ስለ አንድ እንስሳ ሲጠየቅ በመጀመሪያ አፉንና እግሩን ይመለከታል ማለት ነው። አዞም በዚህ ሚዛን ተመዝኗል። ሻፊዒያዎች በክራንቻው ነጥቆ ስለሚበላ ይከለክሉታል፤ ሐነፊያዎች ከውኃ ውስጥ ፍጡር ከዓሣ በቀር ስለማይፈቅዱ እነሱም አይበሉትም፤ ማሊኪያዎች ግን ይፈቅዱታል። በ1405 ያረፈው ግብፃዊው የሻፊዒያ ዓሊም አድ-ደሚሪ «ሐያቱል ሐየዋን» በተሰኘው ትልቅ ኪታቡ ስለ እያንዳንዱ እንስሳ ተፈጥሮውን፣ ጠባዩንና ሸሪዓዊ ፍርዱን አብሮ ጽፏል። ለዒደል አድሓ በግ የሚገዛ አባወራም ገበያ ውስጥ ከንፈሯን ገልጦ ጥርስ ቀይራ እንደሆነ ያያል። የሚያየው የታችኛውን ነው፤ በግ በላይኛው በኩል የፊት ጥርስ የላትምና።

በዚያው በዒድ ቀን የበጉ ጭንቅላት ተቀቅሎ ሲወጣ የታችኛው መንጋጋ አገጩ ላይ በቀላሉ ለሁለት ይከፈላል። እናቶች ሳይቸገሩ ይገነጥሉታል። ይህችን ትንሽ ነገር ያዙልኝ፣ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ስህተት የተመሠረተው በእሷ ዓይነት ነገር ላይ ነው።

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጃሊኑስ፣ ፈረንጆች ጋለን የሚሉት፣ ከሁሉ የበለጠ የአካል ሊቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይሁንና በሮማውያን ዘንድ የሰው ሬሳ መክፈት የተነወረ ስለነበር ጦጣ፣ አሳማና በሬ እየከፈተ መረመረና ያገኘውን ለሰው አደረገው። ብዙውን ጊዜ ልክ ነበር። የእንስሳትና የሰው አካል በመሠረቱ ስለሚመሳሰል ልክ ሊሆን ችሏል። በአንዳንድ ቦታ ግን ተሳሳተ። ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ የሰው የታችኛው መንጋጋ አገጭ ላይ የተጋጠመ ሁለት አጥንት ነው የሚል ነበር። የሑነይን ኢብን ኢስሓቅ ትርጉሞች ጃሊኑስን ወደ ዐረብኛ አመጡት፤ ታላቁ ኢብን ሲና እንኳ በ«ቃኑን» ውስጥ መንጋጋውን ሁለት አጥንት ብሎ ጻፈ። በየሐኪሙ ደጅ እየጠና የሄደው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ዐብዱል ለጢፍ አል-በግዳዲ መጣ። በ1162 በግዳድ ተወልዶ ሐዲስ፣ ነሕውና ፊቅህ ቀርቶ ያደገ፣ ቀጥሎም ሐኪም የሆነ ሰው ነው። በካይሮ አል-አዝሀር አስተምሯል። በ597 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1200 እና 1201፣ የዓባይ ሙላት ቀርቶ ግብፅን ከባድ ረሃብ መታት። ያየውን «አል-ኢፋደቱ ወል-ኢዕቲባር» በተባለው መጽሐፉ ዘግቧል፤ ልብ ያልጠነከረ ሰው ሊያነበው የሚከብድ ዘገባ ነው። ከሀገራችን ተራራ የሚወርደው ውኃ ሲቀንስ ካይሮ ላይ ምን እንደሚሆን በዚያ ይታያል።

በዚያ ዘመን ሕክምና የሚቀሩ ደረሶች ነበሩት። ጃሊኑስ ስለ አጥንት የጻፈውን ሲያነቡ ግን እነሱም መረዳት፣ እሱም ማስረዳት ቸገረው። ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል፤ ቃል ዓይን የሚያየውን ያህል መናገር ስለማይችል ነው። (መምህር የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ይነቀንቃል።) ከካይሮ ወጣ ብሎ አል-መቅስ በሚባል ቦታ በረሃቡ የሞቱ ሰዎች አጽም እንደ ኮረብታ ተቆልሎ እንዳለ ሰሙና ሄዱ። እሱም መንጋጋዎችን እያነሣ ማየት ጀመረ። አንድ አጥንት ነው። ሌላ አነሣ። አንድ ነው። አገጩ ላይ ስፌትም ሆነ መጋጠሚያ ፈለገ፣ የለም። ከሁለት ሺህ የራስ ቅል በላይ እንደመረመሩ ጽፏል። በዚህም አልረካም። ሌሎች ሰዎች በየፊናቸው እንዲመረምሩ፣ እሱ ባለበትም በሌለበትም እንዲመለከቱ አደረገ። እነሱም የተለየ ነገር አላገኙም።

ሐዲስ የቀራ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። ወሬውን ከአንድ መንገድ ብቻ አልተቀበለም፤ ሌሎች አስረጅዎችን ጠራ፣ ለየብቻ አስመሰከረ። ጃሊኑስን ደግሞ አልሰደበም። ደረጃው ከፍ ያለ፣ ጥንቃቄው የታወቀ ሊቅ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፣ ስሜት ሕዋስ የሚሰጠው ማስረጃ ግን ከእሱ ቃል ይልቅ የታመነ ነው አለ። ለሊቅ ያለው አክብሮትና ለእውነት ያለው አክብሮት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዲህ ተጎራብተው ማየት ደስ ያሰኛል። ከአንድ ትውልድ በኋላም በዚያው በካይሮ ኢብኑን ነፊስ ጃሊኑስ የልብ ግድግዳ ላይ አለ ያለውን ቀዳዳ የለም ብሎ፣ ደም በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ አስረዳ።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ሕፃን ሲወለድ መንጋጋው በእርግጥም ሁለት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ አገጩ ላይ ተጋጥሞ አንድ ይሆናል። በጉ ግን እስከ ዕርጅናው ሁለት እንደሆነ ይኖራል። እንግዲህ ጃሊኑስና ዐብዱል ለጢፍ የተለያዩት ባዶ ነገር ላይ አልነበረም። አንደኛው ከእንስሳ ወደ ሰው ሳያይ ተሻገረ፣ ሁለተኛው ለማየት ኮረብታ ወጣ።

አውሮፓ ውስጥ ቬሳሊየስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፉ መንጋጋው አንድ መሆኑን እንደገና አሳየ። ስለ በግዳዲው ሰው አያውቅም፤ የዐብዱል ለጢፍ ኪታብ ወደ ፈረንሳይኛ የተመለሰው በ1810 ነው። በ1555 ፈረንሳዊው ፒየር በሎን የሰውንና የወፍን አጽም ጎን ለጎን ሥሎ፣ ተመሳሳይ ለሆኑት አጥንቶች ተመሳሳይ ምልክት ሰጠ። ክንዱ ከክንፉ፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ ጋር ተዛመደ። በፓሪስ ኩቪዬ የተባለው ሊቅ ደግሞ ጥበቡን ወደ ከፍታ አወጣው። ከእንስሳ አካል አንዱ ክፍል ሌላውን ስለሚያመለክት፣ አጥንትን የሚያውቅ ሰው ከጥቂት አጥንት ተነሥቶ ባለቤቱን ማወቅ ይችላል ይል ነበር።

የዚህ አባባል ጥሩ ፈተና የተገኘው እኛው ዘንድ ነው። በ1990 ከእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ የጥናት ቡድን ወደ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መጥቶ ሳለ በሜዳው መንገድ ላይ በመኪና የተዳጠች አንዲት ወፍ ተገኘች። ናይትጃር ከሚባሉት፣ በሌሊት አፋቸውን በሰፊው ከፍተው በራሪ ነፍሳትን ከሚለቅሙት ወገን ነበረች። ከአካሏ ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ክንፉን ወስደው በሙዚየም ከተቀመጡ የዘመዶቿ ክንፎች ጋር ላባ በላባ አስተያዩት። ከየትኛውም ጋር አልገጠመም። በ1995 አዲስ ዝርያ ናት ብለው አወጁና በላቲን «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ፍቺ ያለው ስም አወጡላት። በኋላ ግን ክንፉ የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ድቃይ ሊሆን አይችልምን የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። አንድ ክንፍ ብዙ ይናገራል፤ ሁሉን ግን አይናገርም። የነጭ ሳርን ሜዳ በየቀኑ ከማዶ የምናይ ሰዎች ይህን አለማወቃችን ይገርመኛል።

አሁን ወደ አዞው እንመለስ። የሰው መንጋጋ አንድ፣ የበግ ሁለት አጥንት ነው ብለናል። የአዞው ስንት ይሆን? በየጎኑ ስድስት ስድስት፣ በድምሩ ዐሥራ ሁለት። ጥርስ የተተከለበት አንዱ አጥንት ብቻ ነው፤ ከበግና ከሰው መንጋጋ ጋር የሚዛመደው እሱ ነው። ታዲያ ቀሪዎቹ እኛ ዘንድ የት ሄዱ? በ1837 ራይኸርት የተባለ ጀርመናዊ ይህን ከፅንስ መረመረ (የመረመረው የአሳማ ፅንስ ነው፤ ለማየት ያህል ነውርም የለው)። በጆሯችን ውስጥ ድምፅ የሚያስተላልፉ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች አሉ፤ በመልካቸው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ። አዞ በጆሮው ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። ራይኸርት እንዳሳየው መዶሻው በፅንሱ ውስጥ የሚበቅለው ከታችኛው መንጋጋ ለምለም አጥንት ጫፍ ላይ ነው፤ ኋላ ይለያል። መዶሻውና መስፉ በአዞ ዘንድ የመንጋጋውን ማጠፊያ ከሚሠሩት ሁለት አጥንቶች ጋር ይዛመዳሉ። በአንዱ ፍጡር ንክሻን የሚሸከመው ማጠፊያ በሌላው አዛን የሚያሰማ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሱብሐነላህ!

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እስካሁን ከተጠቀሱት ሰዎች አንዱም ዝግመተ ለውጥን ለማስረዳት አልተነሣም። ኩቪዬ እንዲያውም ተቃዋሚው ነበር፤ ከግብፅ መቃብር የመጣች ደርቃ የተጠቀለለች የውኃ ወፍ በዘመኑ ካለችው ጋር አስተያይቶ ምንም አልተለወጠችም ሲል ተከራክሯል። በ1843 ለእነዚህ የሚዛመዱ አካላት ትርጉምና ስም የሰጠው እንግሊዛዊው ኦወንም ለዳርዊን የሰላ ተቃዋሚ ሆኗል። አጥንቶቹ መመሳሰላቸው የታየ ነገር ነው። ለምን ተመሳሰሉ የሚለው ጥያቄ ቀጥሎ መጣ። ዳርዊን በ1859 ከአንድ ጥንታዊ ወላጅ ስለወረዱ ነው ብሎ መለሰ። ከእሱ በኋላ የተገኘው ነገር መልሱን ይበልጥ አጠናከረው። በ1950ዎቹ ከደቡብ አፍሪካ አለቶች የወጣ ጥንታዊ እንስሳ በአንድ መንጋጋ ላይ ሁለት ማጠፊያ ይዞ ተገኘ፤ አንደኛው እንደ አዞ፣ ሁለተኛው እንደ በግ። ዛሬ ደግሞ ዲኤንኤ የሚባለው የዘር ጽሑፍ ይነበባል። በጋሞ ደጋ ከሞታ ዋሻ የወጣው፣ ባይራ ተብሎ የተሰየመው የአራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሰው የዘር ጽሑፉ ተነቦ በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ ጥንታዊ አጽሞች የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የእንስሳትን የጋራ ትውልድ ይቀበላሉ። ይህን ከልጆች መደበቅ አይቻልም፤ ቢቻልም ሐቀኝነት አይደለም።

ዑለማኦች በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የላቸውም። በተለይ አደም (ዐ.ሰ.) በቁርኣን በተነገረው አፈጣጠራቸው ላይ ብዙዎቹ አይደራደሩም። ከዚያ ወዲህ ባለው ግን ሰፊ ንግግር አለ። በሻም ትሪፖሊ የነበሩት ሸይኽ ሑሰይን አል-ጂስር በ1888 አካባቢ ባሳተሙት «አር-ሪሳለቱል ሐሚዲያ» የተናገሩት በጊዜው ብዙ ሰው አንብቦታል። የቁርኣኑ ግልጽ ቃል ያለ ቁርጥ ማስረጃ አይተውም፤ ማስረጃው ቁርጥ ሆኖ ቢገኝ ግን ፍጡራን ቀስ በቀስ መገኘታቸው የአላህን ፈጣሪነት አይነካም፤ በአንድ ጊዜም ይሁን በደረጃ ፈጣሪው እሱው ነውና። ሸይኹ ዳርዊንን አልተቀበሉም፣ መጽሐፉንም አልዘጉም። ለልጁ «ዝጋው» ከማለት ይልቅ «ይህ የታየ ነው፣ ይህ ደግሞ ከታየው ተነሥቶ የተደረሰበት ነው፤ እስቲ ሁለቱን ለይተህ ንገረኝ» ማለት የሚችል አባት ከእሳቸው የሚማረው አለ። ሱረቱ አን-ኑር 45ኛው አንቀጽ ላይ በሆዳቸው፣ በሁለት እግርና በአራት እግር ስለሚሄዱት ፍጡራን ሲነገር ከውኃ መፈጠራቸውም አብሮ ተነግሯል፤ አብረው ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ወደ ኮንሶ ያደርሳል። እዚያ በ1991 በእነ ዶክተር ብርሃነ አስፋው የተመራ ቡድን ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችና ቅሪተ አካላት ያሉበትን ሥፍራ አገኘ። ከተገኙት መካከል መንጋጋዎች አሉ። አንደኛው ሆሞ ኢሬክተስ ከሚባለው ወገን ነው። በ1997 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ደግሞ ቦይዜይ ከተባለው ባለ ግዙፍ መንጋጋ ጥርስ ፍጡር ሲሆን፣ የዚህ ፍጡር የራስ ቅልና የታችኛ መንጋጋ አንድ ላይ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከ1.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በዚያ አካባቢ ኖረዋል። ሊቃውንቱ የለዩዋቸው ዐብዱል ለጢፍ ባደረገው መንገድ ነው፤ መንጋጋውን ይዘው፣ ከሌላው ጎን አስቀምጠው፣ ጥርሱን ለክተው።

ሁለቱም መንጋጋዎች ከፊት ወደ ኋላ ሸሸት ያሉ ናቸው፤ ወደ ፊት የወጣ አገጭ የላቸውም። ዝንጀሮም፣ በግም፣ አዞም የለውም። አገጭ የሰው ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከኮንሶ ወደ ምዕራብ፣ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ በተባለው ቦታ በ1967 የተገኘው አጽም፣ በ2022 በታተመ ጥናት ዕድሜው ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ገደማ የተባለው፣ የመንጋጋው ስብርባሪ ተርፎለታል። ዐብዱል ለጢፍ በአል-መቅስ ኮረብታ ላይ ስፌት ፈልጎ ባጣበት ቦታ ላይ፣ ይህ አጽም አገጭ አለው።